የአስፋልት ስንጥቅ ዕድገትን በሞዴል ማስላት፦ ከላቦራቶሪ ናሙና እስከ መንገድ

የተሰነጠቀ አሮጌ አስፋልት 60 ሚሊ ሜትር አዲስ ንጣፍ ቢለብስ፣ የታችኛው ስንጥቅ ከስንት የከባድ መኪና ምልልስ በኋላ ላይ ይወጣል? ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ጥያቄውን በስሌት ለመመለስ ለሚሞክር የመንገድ መሐንዲስ ወይም የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው። የፋይናይት ኤለመንት ሶፍትዌር ከፍታችሁ ቢያንስ አንድ ቢም አስልታችሁ ታውቃላችሁ ብለን እንነሳለን።

ሥራው ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ አንድ ናሙና አንዴ ተጭኖ የሚሰበርበት ሞዴል ይሠራል፤ ይህ ሞዴል ቁሳቁሱን የሚገልጹት ቁጥሮች እውነት መሆናቸውን ይፈትናል። ቀጥሎ ትንሽ ጭነት እየተመላለሰ ስንጥቁን ቀስ በቀስ የሚያሳድግበት ስሌት ይመጣል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ዘሎ ወደ ሁለተኛው ይሮጣል። ስክሪኑ ላይ የሚያምር ቀለም ያገኛል፣ መንገዱ ግን ቀለሙ እንዳለው አይሰነጠቅም።

ደረጃ 1፦ ስንጥቁን ለዩ

አስፋልት በአንድ መንገድ ብቻ አይሰነጠቅም። ከሥር ወደ ላይ የሚወጣ የድካም ስንጥቅ አለ፤ በጎማው ጠርዝ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አለ፤ በብርድ ተኮማትሮ የሚፈጠር አለ፤ ከአሮጌው ንጣፍ ወደ አዲሱ የሚዘልቅ አለ። በጥቁር አፈር ላይ በተሠሩ መንገዶቻችን ዳር ላይ በቁመት የሚሄደው ረጅም ስንጥቅ ደግሞ መነሻው አፈሩ በበጋ ደርቆ መኮማተሩ ነው። ለዚህ የመጨረሻው የአስፋልቱን የስብራት ባሕርይ ብቻ መሞዴል ትርፉ ትንሽ ነው፤ መጀመሪያ መሞዴል ያለበት የአፈሩ እርጥበት ነው።

እዚህ የምንሠራው ከሥር የሚዘልቀውን ነው። የሙቀት መጠን አስቀድማችሁ ምረጡ። በሰሜን አሜሪካ ቅዝቃዜ ለተጻፈ ጥናት ከዜሮ በታች መፈተን ትርጉም አለው። ለአዲስ አበባ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ንጣፍ የሚደርስበት 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይበልጥ ይጠቅማል። ከዚህ በታች ያለው ምሳሌ በሙሉ በ10 ዲግሪ ነው፤ ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ስለሆኑ ለራሳችሁ ድብልቅ እንዳሉ አትውሰዷቸው።

ደረጃ 2፦ ናሙና አዘጋጁ

የምንጠቀመው ግማሽ ክብ ናሙና ነው። በጋይረቶሪ ማጠቅጠቂያ (ድብልቁን እያሽከረከረ በሚጠቀጥቅ ማሽን) 150 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር፣ 160 ሚሊ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ሲሊንደር ሥሩ። ከመሐሉ 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ዲስኮች ቁረጡ፤ ጫፍና ጫፉ ላይ የአየር ክፍተቱ ስለሚለይ ይጣላል። እያንዳንዱን ዲስክ ለሁለት ሰንጥቁ፤ ከአንድ ሲሊንደር አራት ናሙና ይገኛል። የተቆረጠው ናሙና የአየር ክፍተት 7 በመቶ፣ ቢበዛ በ0.5 ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ይሁን። በጠፍጣፋው ገጽ መሐል ላይ 15 ሚሊ ሜትር ጥልቀትና 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ኖች፣ ማለትም ስንጥቁ የሚነሳበት ቀጭን ቁርጥ፣ በአልማዝ መጋዝ አውጡ።

ጋይረቶሪ የሌለው ላቦራቶሪ ብዙ ነው፤ ያለው የማርሻል መዶሻ ነው። የማርሻል ናሙና 101.6 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አለው። እሱን ለሁለት ከፍላችሁ ኖች ብታወጡለት ለስንጥቁ የሚተርፈው መንገድ 40 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ትልቁ ጠጠር 19 ሚሊ ሜትር ከሆነ ስንጥቁ የሚያገኘው ሁለት ጠጠር ነው፤ የምትለኩት የአንድን ጠጠር ዕድል እንጂ የድብልቁን ባሕርይ አይደለም። ከዚያ ይልቅ ከመንገዱ 150 ሚሊ ሜትር ኮር አውጡ፣ ወይም በሮለር የተጠቀጠቀ ጠፍጣፋ ንጣፍ ሠርታችሁ ከእሱ ቁረጡ።

የኖቹን ጥልቀት ከቆረጣችሁ በኋላ በሁለቱም ጎን ለኩና የየናሙናውን ቁጥር ለብቻው መዝግቡ። "15 ነው" ብሎ ለሁሉም አንድ ቁጥር መጻፍ በኋላ ምንጩ የማይታወቅ ልዩነት ያመጣል።

ደረጃ 3፦ ስበሩት፣ ግን ለሞዴል በሚሆን መንገድ

በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውና ዛሬ አሽቶ ቲ 393 (የአሜሪካ የመንገድ መሥሪያ ቤቶች ማኅበር መደበኛ) የሚባለው ሙከራ ናሙናውን በ25 ዲግሪ፣ በደቂቃ 50 ሚሊ ሜትር ፍጥነት ይሰብራል። ውጤቱ ፍሌክሲቢሊቲ ኢንዴክስ የሚባል ቁጥር ነው፦ የስብራት ጉልበቱ (አንድ ካሬ ሜትር ስንጥቅ ለመክፈት የሚጠፋው ጉልበት) በ0.01 ተባዝቶ፣ ከጣሪያው (ከከፍተኛው ጭነት) በኋላ ባለው የጭነትና የርቀት ኩርባ ቁልቁለት ይካፈላል። ጉልበቱ በካሬ ሜትር 1,800 ጁል፣ ቁልቁለቱ በሚሊ ሜትር 3 ኪሎ ኒውተን ቢሆን ውጤቱ 6 ነው፤ ኢሊኖይ ከምትጠይቀው 8 በታች ስለሆነ ድብልቁ ይወድቃል። ሙከራው ፈጣንና ርካሽ ነው፣ ድብልቆችን ለማወዳደርም ጎበዝ ነው። ኢንዴክሱን ግን ወደ ሞዴል አታስገቡት። ቁልቁለቱ የናሙናውን መጠንና የማሽኑን ባሕርይ ጭምር የያዘ ነው፤ የቁሳቁሱ ብቻ አይደለም።

ለሞዴሉ እንዲህ አድርጉ፦

– ናሙናውን በ10 ዲግሪ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት አቆዩ። መሐሉ ላይ ቴርሞሜትር የተቀበረበት አንድ ትርፍ ናሙና አብሮ ይቀመጥ።
– ሁለቱ የታች ሮለሮች በ120 ሚሊ ሜትር ርቀት ይቀመጡ፣ በነጻ ይሽከርከሩ።
– 0.1 ኪሎ ኒውተን የመነሻ ጭነት ስጡ፤ ከዚያ በደቂቃ 5 ሚሊ ሜትር ጫኑ።
– ጭነትን፣ የጭነቱ ነጥብ የወረደበትን ርቀትና የኖቹን አፍ መከፈት በሰከንድ ቢያንስ 20 ጊዜ መዝግቡ። በ50 ሚሊ ሜትር ፍጥነት ከሆነ በሰከንድ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ጣሪያው በሁለት ንባብ መሐል ያመልጣል።
– ጭነቱ ወደ 0.1 ኪሎ ኒውተን እስኪወርድ አታቁሙ። ጅራቱ የተቆረጠ ኩርባ የስብራት ጉልበትን ያሳንሳል።

የኖቹን አፍ መለኪያ ጌጅ ውድ ነው ብሎ መተው ይቀናል። አትተዉት። የማሽኑ እጅ የወረደበት ርቀት ውስጥ የማሽኑ የራሱ መለጠጥና የሮለሮቹ መጎድጎድ አለበት። በዚህ የተነሳ የሙከራው የመጀመሪያ ቁልቁለት ከሞዴሉ ለስላሳ ሆኖ ይታያል፣ ተማሪውም ክፍተቱን ለመድፈን የአስፋልቱን ግትርነት ያለ አግባብ ዝቅ ያደርጋል።

አሁን የስብራት ጉልበቱን አስሉ። ከኩርባው ሥር ያለውን ስፋት ስንጥቁ ለሄደበት ገጽ አካፍሉ። ገጹ (75 − 15) × 50 = 3,000 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ከኩርባው ሥር ያለው ሥራ 1.8 ጁል ቢሆን፣ 1.8 ÷ 0.003 = በካሬ ሜትር 600 ጁል። አንድ ኪሎ ኒውተን ሲባዛ በአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ጁል መሆኑን ያዙ፤ ኤክሴል ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

በተጨማሪ ሁለት ነገር ያስፈልጋችኋል። አንዱ የመሳብ ጥንካሬ ነው፤ ቀጥተኛ ባልሆነው የመሳብ ሙከራ በዚያው 10 ዲግሪ ይገኛል፤ በምሳሌያችን 3 ሜጋፓስካል። ሌላው ግትርነቱ ነው፣ በቢሮ አነጋገር ስቲፍነስ፤ በተለያየ የጭነት ድግግሞሽ ግትርነቱን ከሚለካው የዳይናሚክ ሞጁለስ ሙከራ ይወሰዳል።

ደረጃ 4፦ ኬ ብቻ ይበቃ እንደሆነ ፈትኑ

ወደ ሶፍትዌር ከመሄዳችሁ በፊት አንድ የወረቀት ስሌት። የስንጥቅ ጫፍ ላይ ያለውን የስትረስ ክምችት የሚገልጸው ኬ ለዚህ ናሙና እንዲህ ይገኛል፦

ኬ = ዋይ × ስትረስ × ስኩዌር ሩት (3.1416 × የኖች ጥልቀት)

ስትረሱ ጭነቱ ለ(2 × ሬዲየስ × ውፍረት) ሲካፈል ነው። ዋይ የናሙናውን ቅርጽ የሚወክል ቁጥር ነው፤ የሮለሮቹ ርቀት 120 ሲሆን፣ ዋይ = 4.782 + 1.219 × ር + 0.063 × ኤክስፖኔንሻል (7.045 × ር)፤ "ር" የኖቹ ጥልቀት ለሬዲየሱ ሲካፈል ነው። 15 ለ75 ሲካፈል 0.2፤ ዋይ 5.28 ይሆናል። ናሙናው በ4.2 ኪሎ ኒውተን ጣሪያውን ቢነካ፣ ስትረሱ 4,200 ÷ 7,500 = 0.56 ሜጋፓስካል፣ ኬ ደግሞ 20.3 ሜጋፓስካል በስኩዌር ሩት ሚሊ ሜትር።

አሁን ኬን በራሱ አባዝታችሁ ለግትርነቱ አካፍሉ። በዚህ ፍጥነት ግትርነቱ 6,000 ሜጋፓስካል ከሆነ ውጤቱ በሚሊ ሜትር 0.069 ኒውተን፣ ማለትም በካሬ ሜትር 69 ጁል ነው። ከኩርባው ያገኘነው 600 ነው። ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ልዩነት!

ስሌቱ አልተሳሳተም። አስፋልት እንደ መስታወት በአንድ ነጥብ አይሰበርም፤ ከጫፉ ፊት ቢትመኑ እየተሳበ፣ ጠጠሩ እየተላቀቀ የሚሄድ ሰፊ የተጎዳ ቀጠና አለው። ስዊድናዊው ሂለርቦርግ እ.ኤ.አ. በ1976 ለኮንክሪት ባቀረቡት ዘዴ የዚህ ቀጠና ባሕርያዊ ርዝመት ግትርነት × የስብራት ጉልበት ÷ የጥንካሬ ስኩዌር ነው፦ 6,000 × 0.6 ÷ 9 = 400 ሚሊ ሜትር። ናሙናው በሙሉ 150 ነው። ስለዚህ ናሙናው ራሱ የተጎዳ ቀጠና ነው ማለት ይቻላል፤ የኬ ቀመር ለብቻው ይህን ስብራት አይገልጸውም። ኮሄሲቭ ሞዴል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ የኮሄሲቭ ሕጉን ጻፉ

ሐሳቡ ቀላል ነው። ስንጥቁ በሚሄድበት መስመር ላይ ሁለቱን ፊት የሚያያይዝ ሙጫ አለ እንበል። ሙጫው እስከ ጥንካሬው ድረስ ቀጥ ብሎ ይጠነክራል፤ ከዚያ እየላላ ሄዶ በመጨረሻው መከፈት ላይ ዜሮ ይሆናል። ባለ ሁለት መስመር ሕግ ይባላል። ሦስት ቁጥር ይበቃዋል።

ጥንካሬ፦ 3 ሜጋፓስካል። የስብራት ጉልበት፦ በሚሊ ሜትር 0.6 ኒውተን። የመነሻ ግትርነት፦ በሚሊ ሜትር 100,000 ሜጋፓስካል። የመጨረሻው መከፈት ከእነዚህ ይወጣል፦ 2 × 0.6 ÷ 3 = 0.4 ሚሊ ሜትር።

አሃድ እዚህ ይገድላል። ሶፍትዌሩ አሃድ አያውቅም፤ በሚሊ ሜትርና በኒውተን ከጀመራችሁ የስብራት ጉልበቱ 600 ሳይሆን 0.6 ነው። 600 ብሎ ያስገባ ሰው ናሙናው ላስቲክ ሆኖበት፣ ጭነቱ ሳይወርድ እየጨመረ ሲሄድ ያያል። እንዲህ ያለ ኩርባ ካያችሁ ሌላ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት አሃዱን ፈትሹ።

የመነሻ ግትርነቱ የቁሳቁስ ባሕርይ አይደለም፤ ያልተሰነጠቀው መስመር እንዳይለጠጥ የሚያደርግ የስሌት መሣሪያ ነው። ካነሰ ናሙናው ገና ሳይሰነጠቅ ይለሰልሳል። ከበዛ ስሌቱ ይንቀጠቀጣል። መፈተኛው፦ አንዱን ሞዴል ከኮሄሲቭ መስመር ጋር፣ ሌላውን ያለ እሱ በትንሽ ጭነት አስሉ፤ የቁልቁለቱ ልዩነት ከ1 በመቶ ይነስ።

ደረጃ 6፦ ሞዴሉን ገንቡ

አባከስ በብዛት የሚሠራበት የፋይናይት ኤለመንት ሶፍትዌር ስለሆነ በእሱ አነጋገር እንሂድ፤ ሌላው ሶፍትዌር ኮድ አስተርም ኮሄሲቭ ኤለመንት አለው።

ሬዲየሱ 75 የሆነ ግማሽ ክብ ሳሉ። ከኖቹ ጫፍ እስከ ላይኛው ሮለር ባለው 60 ሚሊ ሜትር መስመር ላይ ውፍረት የሌላቸው ባለ አራት ኖድ ኮሄሲቭ ኤለመንቶች አስቀምጡ፤ እያንዳንዱ 1 ሚሊ ሜትር፣ በድምሩ 60። ከመስመሩ ስትርቁ ሜሹ እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። በኋላ ሜሹን 0.5 አድርጋችሁ ደግማችሁ አስሉ፤ ጣሪያው ከ2 በመቶ በላይ ከተቀየረ የመጀመሪያው ሜሽ አልበቃም።

ሁለት የሚረሱ ሳጥኖች አሉ። አንደኛው የኮሄሲቭ ክፍሉ የመነሻ ውፍረት ነው፤ 1.0 ብላችሁ ሙሉ፣ አለበለዚያ መከፈቱና ስትሬይኑ ይደባለቃሉ። ሁለተኛው ከገጹ ወደ ውስጥ ያለው ውፍረት ነው፤ ለአስፋልቱም ለኮሄሲቭ መስመሩም 50 መሆን አለበት። ሁለቱም ላይ ከተረሳ ጭነቱ 4,200 በሚሆንበት ቦታ 84 ኒውተን ይወጣል፤ አንዱ ላይ ብቻ ከተረሳ ግን ውጤቱ እውነት የሚመስል ውሸት ነው፣ ይህ ይብሳል።

የአባከስ የመማሪያ ቅጂ ከ1,000 ኖድ በላይ አይቀበልም። ሲሜትሪ ተጠቅማችሁ ግማሹን ብቻ ብትሞዴሉ ይገባል፤ ነገር ግን ኮሄሲቭ ኤለመንቱ ያን ጊዜ የሚያየው የመከፈቱን ግማሽ ነው። የስብራት ጉልበቱን በግማሽ ቀንሱ (0.3)፣ የመነሻ ግትርነቱን እጥፍ አድርጉ፣ ጥንካሬውን አትንኩ፣ ከሮለሩ የምታነቡትን ጭነት በሁለት አባዙ።

ድጋፉ ላይ ተጠንቀቁ። በሙከራው የታች ሮለሮች ወደ ጎን ይሸሻሉ። ሞዴሉ ላይ ሁለቱንም ወደ ጎን ከያዛችኋቸው ናሙናው ቅስት ይሆናል፤ ኖቹን የሚከፍተው ጉልበት በቅስቱ ይታገዳል፣ ጣሪያውም ያለ አግባብ ይጨምራል። ወደ ጎን የሚያዘው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ከላይኛው ሮለር ሥር ያለውን መሐለኛ ነጥብ ያዙ።

ጭነቱን በኒውተን አትስጡ፤ ሮለሩን በርቀት አውርዱት። ከጣሪያው በኋላ ናሙናው ጭነት መሸከም ስለሚያቅተው በኒውተን የተሰጠ ስሌት ጣሪያው ላይ ይቆማል። 1.5 ሚሊ ሜትር በ18 ሰከንድ ስጡ፤ ይህ በደቂቃ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ትልቁ የስሌት እርምጃ ከጠቅላላው ጊዜ 1 በመቶ አይብለጥ። ስሌቱ ከጣሪያው በኋላ ከተጣበቀ የቪስኮሲቲ ማረጋጊያውን ከ0.00001 ጀምራችሁ ጨምሩ፤ ማረጋጊያው የበላው ጉልበት ከጠቅላላው 2 በመቶ ካለፈ ግን የሚታየው ኩርባ የአስፋልቱ መሆኑ ቀርቷል።

ደረጃ 7፦ አስፋልቱ ጊዜን ያውቃል

የመስመሩ ዙሪያ ያለውን አስፋልት እንደ ብረት ኢላስቲክ አድርጎ መጀመር ይቻላል፤ ብቻ የትኛውን ግትርነት እንደምትወስዱ ዕወቁ። የዳይናሚክ ሞጁለስ ሪፖርት ብዙ ጊዜ በሰከንድ 10 ዙር ያለውን ቁጥር ከላይ ያስቀምጣል። የእናንተ ናሙና ግን ጣሪያውን የሚነካው በ4 ሰከንድ ገደማ ነው። ተመጣጣኙ ድግግሞሽ 1 ÷ (2 × 3.1416 × 4) = በሰከንድ 0.04 ዙር ነው። በ10 ዙር ያለውን የወሰደ ሰው ከእውነተኛው በጣም የበለጠ ግትር ናሙና ይሰብራል።

ለ25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ኢላስቲክ አይሆንም፤ የፕሮኒ ሲሪስ (ግትርነቱ በጊዜ እየላላ መሄዱን የሚገልጽ የተርሞች ድምር) ያስፈልጋል። ከማስተር ከርቩ (የተለያየ ሙቀትና ድግግሞሽ ንባቦች ወደ አንድ የተሰበሰቡበት የግትርነት ኩርባ) ለእያንዳንዱ የጊዜ አሥር እጥፍ አንድ ተርም፣ በጠቅላላው ከ8 እስከ 10 ይበቃል። የተርሞቹ ድምር ከ1 በታች መሆኑን አረጋግጡ፤ አንድ ከደረሰ አስፋልቱ ከረጅም ጊዜ በኋላ ፈሳሽ ይሆናል። ሞጁለሱ የመነሻው ነው ወይስ የረጅም ጊዜው የሚለውን ምርጫ ሁለት ጊዜ እዩ።

ፕሮኒ ስታስገቡ አንድ ነገር ይለወጣል። በሙከራ ያገኛችሁት 600 ጁል ስንጥቁ የበላውን ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው አስፋልት በመፍሰስ ያባከነው፣ ከሮለር ሥር የተፈጨው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። አሁን ሞዴሉ ራሱ ስለሚያባክን፣ 600ውን በሙሉ ለመስመሩ ብትሰጡ ያው ጉልበት ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። ከ75 በመቶ ገደማ ጀምራችሁ በሚቀጥለው ደረጃ አስተካክሉ።

ደረጃ 8፦ ካሊብሬሽን (ቁጥሮቹን ከሙከራው ጋር ማስታረቅ)፣ ከዚያ ፈተና

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ጥንካሬው ጣሪያውን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። የስብራት ጉልበቱ ጅራቱን ያስረዝማል፣ ያሳጥራል። መጀመሪያ ጥንካሬውን እያንቀሳቀሳችሁ ጣሪያውን 5 በመቶ ውስጥ አስገቡ፤ ቀጥሎ በጉልበቱ ጅራቱን አስተካክሉ፤ እንደገና ጣሪያውን እዩ። ሦስት ዙር ይበቃል። የምታወዳድሩት ከኖቹ አፍ መከፈት ኩርባ ጋር ይሁን። ጣሪያውን ለማግኘት ጥንካሬውን ከሙከራው በእጥፍ ማሳደግ ካስፈለጋችሁ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ድጋፉ ወይም ውፍረቱ ነው።

ኩርባው ኩርባውን ሲመስል ሥራው አላለቀም። በሦስት ቁጥር አንድን ኩርባ ማስመሰል ከባድ አይደለም። ኖቹ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌላ ናሙና አዘጋጁና አንድም ቁጥር ሳትነኩ ጣሪያውን አስቀድማችሁ ተንብዩ። የእጅ ግምት ይኑራችሁ፦ የመሸከም አቅሙ በግምት ከቀሪው ቁመት ስኩዌር ጋር ይሄዳል፤ (50 ÷ 60) ሲባዛ በራሱ 0.69፣ ስለዚህ 4.2 ወደ 2.9 ኪሎ ኒውተን። ሞዴሉ ከዚህ በጣም ከራቀ ቆም በሉ። ሙከራውን በ15 በመቶ ውስጥ ከተነበየ ደህና ነው፤ ወንድማማች ናሙናዎች ራሳቸው በዚያ መጠን ይለያያሉና ከዚያ የጠበቀ ስምምነት መፈለግ ውሃ መውቀጥ ነው።

የሞዴሉ ስንጥቅ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የእውነተኛው ጠጠር እየዞረ ይጠመዛዛል። ለጭነት ኩርባ ይህ ችግር አይደለም። መንገዱን ራሱን መተንበይ ከፈለጋችሁ ግን ጠጠርና ማስቲክ (ቢትመንና ደቃቁ ዱቄት) የተለዩበት ሞዴል ያስፈልጋል፤ እሱ የሌላ ቀን ሥራ ነው።

ደረጃ 9፦ ወደ ተመላላሽ ጭነት

ፖል ፓሪስና ኤርዶጋን እ.ኤ.አ. በ1963 ለብረታ ብረት ያወጡት ሕግ እንዲህ ይላል፦ በአንድ ዙር የስንጥቁ ዕድገት = ኤ × ኬ በ"ኤን" ፓወር። ናሙናው አንዴ ሲሰበር የኬ ቀመር አልበቃም ብለን እዚህ መመለሳችን ግራ ሊያጋባ ይችላል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ እዚህ ጭነቱ ከመስበሪያው በጣም ያነሰ ነው፣ ኤና ኤንም ከሙከራ የሚለኩ ስለሆኑ የተጎዳውን ቀጠና ባሕርይ በውስጣቸው ይዘዋል። የተለካበት ሙቀትና የጭነት ፍጥነት ሲለወጥ ግን እነሱም ይለወጣሉ።

ሁለቱን ቁጥሮች ከጽሑፍ ቀመር ለማውጣት አትቸኩሉ። የክሪፕ ቁልቁለቱ (በቋሚ ጭነት ሥር መለጠጡ በጊዜ የሚጨምርበት የሎግ ቁልቁለት) 0.4 ሲሆን አንዱ የታወቀ ቀመር፣ 2 × (1 + 1 ÷ 0.4)፣ ኤንን 7 ያደርገዋል፤ ለብርድ ስንጥቅ የሚሠራበት ሌላው፣ 0.8 × (1 + 1 ÷ 0.4)፣ 2.8 ይላል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች የተሰላ ዕድሜ በሺህ እጥፍ ሊለያይ ይችላል። ለኩ። ግማሽ ክብ ናሙናውን ከጣሪያው ከ30 እስከ 50 በመቶ በሆነ ጭነት አመላልሱ፤ የስንጥቁን ጫፍ በነጭ ቀለም በተቀባ ጎን ላይ በካሜራ ተከታተሉ፤ በየ2 ሚሊ ሜትሩ የዙሩን ቁጥር ጻፉ። ዕድገቱንና ኬን በሎግ ወረቀት ላይ አስቀምጡ፤ ቁልቁለቱ ኤን ነው። ከመጀመሪያው 3 ሚሊ ሜትርና ከመጨረሻው ሩብ ያሉትን ነጥቦች ጣሉ፤ የመጀመሪያው የኖቹ ዱልዱምነት፣ የመጨረሻው የሮለሩ ግፊት ያበላሻቸዋል።

ለምሳሌው "ኤን"ን 4፣ ኬን የሚያባዛውን "ኤ" ደግሞ 0.00000001 እንውሰድ፤ ኬ በሜጋፓስካል ስኩዌር ሩት ሚሊ ሜትር፣ ዕድገቱ በሚሊ ሜትር። ኤ ትርጉም የሚኖረው ከነአሃዱ ነው፤ ኬን በስኩዌር ሩት ሜትር ከለካ ጽሑፍ ላይ የኤ ቁጥር ገልብጣችሁ እዚህ አታስገቡ።

ደረጃ 10፦ በመንገዱ ላይ ኬን አግኙ፣ ደምሩ

60 ሚሊ ሜትር አዲስ ንጣፍ፣ ከሥሩ የተሰነጠቀ አሮጌ አስፋልት፣ ቤዝና አፈር ያለበት ሞዴል ገንቡ። ጭነቱ 80 ኪሎ ኒውተን ያለው መደበኛ አክስል፣ በእያንዳንዱ ጎማ 20 ኪሎ ኒውተን። የስንጥቁን ጫፍ በ5፣ 15፣ 25፣ 35፣ 45 እና 55 ሚሊ ሜትር ከፍታ እያስቀመጣችሁ ስድስት ጊዜ አስሉ። ጫፉ ላይ መሐለኛ ኖዶቹ ወደ ሩብ የተጠጉ ኤለመንቶች ተጠቀሙ፤ ኬን ሶፍትዌሩ በጫፉ ዙሪያ ከሚያሰላባቸው ቀለበቶች ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው አማካይ ውሰዱ፣ የመጀመሪያው ቀለበት አይታመንም።

ጎማውን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፦ ልክ ከስንጥቁ በላይና ከስንጥቁ አጠገብ። ይህን የሚዘለል ሰው ብዙ ነው፣ ስህተቱም ትልቅ ነው። ጎማው በላዩ ሲሆን ስንጥቁ በመታጠፍ ይከፈታል፤ ነገር ግን ጫፉ ወደ ላይ ሲቀርብ ተጨምቆ ያለው ቀጠና ውስጥ ስለሚገባ ኬ እየወረደ ይሄዳል። በመታጠፍ ብቻ ያሰላ ሞዴል "ስንጥቁ መሐል ላይ ይቆማል" ይላል፤ አይቆምም። ጎማው ሲቀርብና ሲርቅ ሁለቱ የስንጥቁ ፊቶች አንዱ ከሌላው ወደ ላይ ወደ ታች ይንሸራተታሉ፣ የዚህ መቁረጥ ኬ ደግሞ ጫፉ ወደ ላይ በቀረበ ቁጥር ይጨምራል። የመጨረሻውን ርቀት የሚያስጨርሰው እሱ ነው። በአንድ የአክስል ማለፍ አንድ መታጠፍና ሁለት መቁረጥ አለ፣ ሦስቱም ይደመራሉ።

ጫፉ 25 ሚሊ ሜትር ላይ ሆኖ የመታጠፉ ኬ 8፣ የመቁረጡ 6 ቢሆን፦ 8 በአራት ፓወር 4,096፤ 6 በአራት ፓወር 1,296፣ በሁለት ሲባዛ 2,592፤ ድምር 6,688። በኤ ሲባዛ በአንድ ማለፍ 0.000067 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከ20 እስከ 30 ያለችውን 10 ሚሊ ሜትር ለመጨረስ 150,000 ገደማ ማለፍ ይወስዳል። ለስድስቱም ከፍታ እንዲሁ አድርጋችሁ ደምሩ። ኬ ላይ የ10 በመቶ ስህተት ዕድገቱን በ46 በመቶ ያሳድገዋል፤ ስለዚህ ውጤቱን እንደ አንድ ቁጥር ሳይሆን በኬ ላይ 10 በመቶ ከፍና ዝቅ አድርጋችሁ እንደ ክልል አቅርቡ።

የሥሩ ንጣፍ በሲሚንቶ የተጠናከረ ከሆነ የቀንና የሌሊት መኮማተር ይጨመር። በስንጥቆቹ መሐል 4 ሜትር ርቀት፣ በዲግሪ 0.00001 መኮማተርና የ15 ዲግሪ ልዩነት ካለ፣ ስንጥቁ በየቀኑ 0.6 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። በቴክሳስ የተዘጋጀው የኦቨርሌይ ሙከራ ናሙናውን በ10 ሰከንድ ዙር የሚከፍተው 0.635 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ መንገድ ኤና ኤንን ከእሱ መለካት ከግማሽ ክብ ናሙናው ይሻላል።

በመጨረሻ ያገኛችሁትን የማለፍ ቁጥር ለጨረታ ሰነድ በቀጥታ አትጻፉ። መንገድ ላይ ጎማ ሁሌ በአንድ መስመር አይሄድም፣ በሁለት መኪና መሐል ቢትመኑ በከፊል ይድናል፤ ሁለቱም ዕድሜውን ከስሌቱ ያስረዝማሉ። እርጅናና ውሃ ደግሞ ያሳጥራሉ። አዲስ ንጣፍ ከለበሰ ጥቂት ዓመት የሆነውና የመኪና ቆጠራ ያለው አንድ መንገድ ምረጡ፤ ስንጥቁ የወጣበትን ጊዜ ከስሌታችሁ ጋር አነጻጽራችሁ ማስተካከያ ቁጥሩን ከዚያ አውጡ። ማስተካከያው ለዚያ ድብልቅና ለዚያ አየር ንብረት ብቻ ይሠራል፤ ለአዲስ አበባ የወጣውን አዋሽ ላይ ብታውሉት ሌላ ሙቀት፣ ሌላ ኤ እና ሌላ ኤን ይጠብቃችኋል።